ስልኩን ቀማን እንበል፣ ልጁ የት ይሂድ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ወላጆች ልጆቻቸውን ከስልክ እንዲያርቁ የሚመክረውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ያው በስልኬ ነው ያነበብኩት። ምክሩ ክፉ አይደለም። ጸሐፊው ግን መሃል ከተማ የሚኖር ሰው መሰለኝ። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ወላጆች ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል።

በአንዱ ጉዳይ እንስማማለን፣ በሕፃን ቀልድ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ ስክሪን ፊት ባይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባያልፍ ይላል። ብዙ ቤት ግን ቪዲዮ ካልተከፈተለት አፉን ለጉርሻ የማይከፍት ልጅ አለ። ለማብላት ስልክ፣ ለማስተኛት ስልክ፣ እንግዳ ሲመጣ ዝም ለማሰኘት ስልክ። ይሄ የወላጅ ሥራ ነው፣ በማንም አይሳበብም።

ተማሪዎቹ ላይ ሲደርስ ግን ይወሳሰባል። ስልክ ይቅርብህ እንዳትለው የቤት ሥራው የሚላከው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ ያውም ማታ ሁለት ሰዓት ላይ። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ስለሆነ ስክሪን የማያውቅ ልጅ ማሳደግ አያዋጣም። እኛም ብንሆን ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ መብራቱንም ውሃውንም ቤታችን ቁጭ ብለን እንከፍላለን፣ ድሮ በሰልፍ ይባክን የነበረው ግማሽ ቀን ተርፎልናል፣ ይሄንን ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም።

ጣጣው የቤት ሥራውን አይቶ ሊዘጋ የከፈተው ልጅ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቲክቶክ ላይ መገኘቱ ነው። ባለጌ ስለሆነ አይደለም። ኳስ እንኳ በዘጠና ደቂቃ ያልቃል፣ ይሄ ግን እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። አንዱ ቪዲዮ ሳያበቃ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል፣ የቱ ላይ እንደቆየህ እያየ ቀጣዩን ይመርጥልሃል። ቲክቶክ ራሱ በፈረንጆቹ 2023 ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ አበጀሁ ብሎ ነበር። ጎረምሳው 60 ደቂቃ ሲሞላበት የይለፍ ቁጥር አስገብቶ ይቀጥላል። ሲመዘገብ ዕድሜውን 25 ያደረገውንማ መጀመሪያውኑ አይመለከተውም።

ክልከላም ሞክረነዋል። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው አልነበር? ምን ሆነ? ቪፒኤን የማያውቅ ሰው ጠፋ። እናቴ ሳትቀር አስጫነች።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። እኛ ሥራ ውለን፣ መገናኛ ወይ ሳሪስ ታክሲ ተሰልፈን፣ ቤት የምንገባው መሽቶ ነው። እስከዚያ ልጁ ምን ይሥራ? ከብሎኩ ሲወርድ የሚያገኘው መኪና ማቆሚያ ነው። ኳስ ቢመታ መስታወት ትሰብራለህ ይባላል። ባዶ የነበረው ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሯል። ኮሚናል የምንለው ሕንፃ አለ፣ ሲሠራ ለድግሱም፣ ለስብሰባውም፣ ለእንጀራ መጋገሪያውም የጋራ ይሁን ተብሎ ነበር። በእኛ ሳይት ምድሩ ለሱቅ ተከራይቷል፣ ላይኛው ተቆልፏል። ለቅሶ ሲኖርና ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይከፈታል፣ ከዚያ ውጪ ቁልፉ ማን ጋ ነው ብትሉ አንዱ ወደ አንዱ ነው የሚልካችሁ። ታዲያ ልጁ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ዋይፋይ ቢያድን ምን ይገርማል?

መሃል ከተማ በኮሪደር ልማት የተሠሩትን የልጆች መጫወቻዎች አይቻለሁ፣ ደስ ይላሉ። ግን ከቱሉ ዲምቱ ፒያሳ ድረስ ልጅ ይዞ ለጨዋታ መሄድ የበዓል ጉዳይ ነው፣ የታክሲውም ብር ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ እሁድ ትልልቅ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ታስታውሳላችሁ? ልጆቹ አስፋልቱ ላይ በብስክሌትና በኳስ ሲራኮቱ ስልክህን አስቀምጥ ብሎ የሚጮህ ወላጅ አላየሁም። እዚህ ለዚህ ከንቲባም አያስፈልግም። በብሎኮቹ መሃል ያለችውን መንገድ ቅዳሜ ከሰዓት በሁለት ትልልቅ ድንጋይ መዝጋት ነው።

መምህራን እባካችሁ የቤት ሥራውን ልጁ ከክፍል ሳይወጣ ደብተሩ ላይ አጽፉልን። ኮሚቴዎችም ኮሚናሉን ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ ክፈቱት። በየብሎኩ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች አሉ፣ በወጉ ከተለመኑ በተራ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ለድንኳንና ለወንበር ያዋጣን ሰዎች አንድ የጠረጴዛ ቴኒስና ሁለት ዳማ መግዛት አያቅተንም።

እናንተም ወላጅን ድጋሚ ከመምከራችሁ በፊት አንድ ጋዜጠኛ ወደ ዳር ላኩልን። በየሳይቱ እየዞረ ኮሚናሎቹን ዛሬ ማን እንደተከራያቸውና ኪራዩ የት እንደሚገባ ይጠይቅልን።

አንድ ወላጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ