ሥራ ላይ እያለ አትደውልለት

ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህትህ ያሳየችኝ ፎቶግራፍ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ባቡር መውደድህን አልጠላሁትም፤ ከዚራ ተወልዶ ያደገ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ባቡር ባይወድ ነበር የሚገርመኝ። በነጂው ወንበር ተቀምጠህ፣ እጅህን ፍሬኑ ላይ አሳርፈህ ሳይህ ግን ደነገጥሁ። ሰውየው ወዳጅህ ከሆነ ቤቱ ሄደህ ቡና ጠጡ። ሥራ ላይ እያለ ግን አትደውልለት፣ መልእክት አትላክለት፤ ና ውጣ ቢልህም አትውጣ።

እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ቻትስዎርዝ በተባለው ሰፈር የደረሰውን የአባትህ ባልደረቦች እስከ ዛሬ ያነሡታል። በ2001 የእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። የመንገደኞች ባቡር ቀይ መብራት ጥሶ ከጭነት ባቡር ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ፤ ነጂውን ጨምሮ 25 ሰው ሞተ። ነጂው ባቡር ከሚወዱ ወጣቶች ጋር በስልክ ይጻጻፍ ነበር። የመጨረሻውን መልእክት የላከው ከግጭቱ 22 ሰከንድ በፊት ነው። በዚያው ምሽት አንዱን ልጅ አሳፍሮ ባቡሩን ሊያስነዳው አስቦ ነበር። ልጁ ምን ክፋት ነበረው? እንዳንተው ባቡር ወዳድ ነው።

አባትህ ነፍሱን ይማረውና፣ አብሬህ ልሂድ ስትለው እምቢ ማለቱ እስከ ዛሬ ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ። በጥር 1977 አዋሽ ላይ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባው ውስጥ ገብቶ ከድልድዩ ሲወድቅ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አንተ ገና አልተወለድህም። አባትህ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ሲደርስ ከረዳቱ ጋር እንኳ አይነጋገርም ነበር። ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሞተሩ በጠፋ ባቡር ላይ ግን እሱ ራሱ አውጥቶህ፣ በነጭ ጋዝ የታጠበ እጁን በሱሪው ጠርጎ ፍሬኑን ሲያስነካህ ቆሜ አይቻለሁ። ጅቡቲ እወስደዋለሁ ይል ነበር፤ በተሳፋሪ ወንበር፣ አጠገብህ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን ጣቢያ በስሙ እየጠራልህ። ሳይወስድህ መስመሩም ቆመ፣ እሱም ሄደ። ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፎቶግራፉን ዛሬውኑ ከስልክህ አጥፋ። አለቆቹ እጅ ከገባ ሰውየው እንጀራውን ያጣል። ፎቶ ስታነሣም ከአጥሩ ውጭ ቁም። ነጂው እጁን ካነሣልህ አንተም አንሣለት፤ ያ ይበቃል። ሥራ ላይ እያለ አትደውልለት፣ ልጄ።

የደም ግፊት መድኃኒቱ ደርሶኛል። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼልሃለሁ፤ ሰው ስለሚመጣ አድራሻህን ለእህትህ ቶሎ ላክላት።

እናትህ
ድሬዳዋ