የገናው ዱላ ከበሩ በላይ አለ?

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ አዳማ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እዚህ ካልጋሪ መጋቢት ገብቶም በረዶው አልለቀቀም። እሑድ ስደውልልዎት በእቴቴ ስም ጠሩኝ። መስመሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ይልቅ ስለ ልጅ ልጅዎ ላጫውትዎ። ቅዳሜ የበረዶ ሆኪ ውድድር ነበራት። ሆኪ ማለት የእርስዎ ገና ነው፤ በረዶ ላይ ስለት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተቱ፣ በሩር ፈንታ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ይመታሉ። በየወገኑ ከነግብ ጠባቂው 6 ሰው ብቻ ይሰለፋል፤ እንደ እናንተ መንደር ከመንደር አይደለም። ጠዋት አሸነፉ። እስከ ማታው ጨዋታ ሰፊ ጊዜ ስለነበራቸው ያን ከባድ ትጥቅ አወላልቀው መኪና ማቆሚያው ላይ እግር ኳስ ጀመሩ። ቦርሳቸውን ግብ አደረጉት። በረዶ ላይ እንደ አሞራ የሚበርሩት ልጆች ኳሷን ሲያገኙ እግራቸው ተሳሰረ። ግብ ጠባቂዋ ኳሷን በብብቷ ሸጉጣ ስትሮጥ አሰልጣኛቸው በሳቅ ፈረሰ።

ልጄ «እማዬ፣ ግቢ!» አለችኝ። ካፖርቴን ጥዬ ገባሁ። ኳሷ ወደ ግራ እግሬ መጣች፤ አቆምኳት። ከዚያ መምታት አቃተኝ። ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ።

አባባ፣ እርስዎ እየመጡ እንደሆነ ነበር ያየሁት።

ያን ቀን ያስታውሱታል? ጋሪውን አስቁመው ሜዳው መሀል ገቡ፤ ጓደኞቼ እያዩ ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ። አንድ እግር ጫማዬ እዚያው አቧራው ላይ ቀረ። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ግን እኮ ወይራ ቆርጠው፣ ጫፉን በእሳት ለብልበው ያጎበጡልኝ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ከወንድሞቼ እኩል ያሰለፉኝ እርስዎ ነበሩ። ኳስ ሲሆን ምን ተለወጠ? ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው? ዛሬ ነገ ስል ሠላሳ ዓመት ሳልጠይቅዎት ቀረሁ። አሁን ግን ቸኮልኩ። እርስዎ ከረሱት ያን ቀን ብቻዬን ልሸከመው ነው። ይቅርታ እንዲሉኝ አይደለም፤ ምክንያቱን ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ለትምህርቴ ብለው የሸጡትን ብስክሌት አልረሳሁም። እሱንም ይወቁልኝ።

ቡታጋዙን ሳያጠፉ ወጥተው እንደነበር ጎረቤታችን ነገረችኝ። እባክዎ ሻዩን እሷ ታፍላልዎት። የግፊቱን ኪኒን በየቀኑ የሚከፋፈልበት ሣጥን ልኬልዎታለሁ፤ የማክሰኞን ሰኞ እንዳይወስዱ። አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድም እሺ ብለው ይሂዱ፤ ፈጣኑ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለእኔ ሲሉ።

ማታ 4 ለ 1 ተሸነፉ። ትንሹ ጥርሱን ነቅሏል። ትልቋ ደግሞ የገናዎን ዱላ በፎቶ ማየት ትፈልጋለች። ከበሩ በላይ መኖሩን ጎረቤታችን ትይልኝ፤ እርስዎ በርጩማ ላይ ወጥተው እንዳያወርዱት።

እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን ሲያነሱ ስሜን አስቀድሜ እኔው እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ