አባባ፣ ወረቀቱን ሳይሆን ዓይንዎን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ከረሙ? እኛ እዚህ ለንደን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እማዬ በስልክ ነግራኛለች። መንጃ ፈቃድዎን ሊያሳድሱ ነው፤ የጤና ምርመራውን ወረቀት የሚጨርስልዎት ሰውም አግኝተዋል አሉ። አባባ፣ እባክዎ በሰው አያስጨርሱት። ይመርመሩ።

ቁልፉን ያስረክቡ ማለቴ አይደለም። የአዳማን ባጃጅ እንደ እርስዎ ታግሶ የሚነዳ የለም። ያሳሰበኝ ለገና መጥቼ ከሞጆ ስንመለስ ያየሁት ነው። ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ መሪው ላይ ተደፍተው ነበር። ሲኖትራክ ከፊት በመጣ ቁጥር ፍሬን ይይዛሉ። በኋላ ዲኤክሷን ዳር አስይዘው የፊት መስታወቱን በጋዜጣ ወለወሉት። መስታወቱ እኮ ንጹሕ ነበር!

ሐኪም ባልሆንም የዓይን ሞራ እጠረጥራለሁ። የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ የመኪና መብራት ይበተንና ያጥበረብራል። ቀን ደህና የሚያይ ሰው ማታ ይቸገራል። ደግነቱ መፍትሔ አለው፤ የደፈረሰውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካሉ፣ ብዙው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግላኮማ ነው። ሳያም የጎን እይታን እየቀነሰ ይሄዳል። ባጃጅ ደግሞ ከየት እንደሚገባ ያውቁታል።

እዚህ እንግሊዝ አገር 70 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃዱን በየ3 ዓመቱ ያሳድሳል። ስለ ጤናው ፎርም የሚሞላው ራሱ ነው፤ የሐኪም ወረቀት ሁሉም አይጠየቅም። የኛው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምርመራው የምር ከሆነ። አንድ ነገራቸው ግን ደስ ይለኛል፤ የቆመ መኪና ሰሌዳ በ20 ሜትር ርቀት ማንበብ ያቃተው መንዳት አይፈቀድለትም። እርስዎም በጠራራ ፀሐይ፣ መነጽርዎን አድርገው ከግቢው በር ላይ ይሞክሩት። እማዬ ታዛቢ ትሁን፤ ሰሌዳውን በቃልዎ ከሚያውቁት መኪና ግን አይሆንም!

ስኳርዎንም አይርሱ። ኢንሱሊን ወግተው ምግብ ካሳለፉ ሊወርድብዎ ይችላል። መሪ ከመያዝዎ በፊት ይለኩ፣ ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ። ካላበዎ ወይም እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ዳር ይያዙ።

እስኪመረመሩ ድረስ ማታ አይንዱ፣ አደራ። አዲስ አበባ ለሰርግ ከተጠሩም በሚኒባስ ይሂዱ። የሐኪሙንም የመነጽሩንም እኔ እችላለሁ፤ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ እማዬ ትደውልልኝ።

ልጅዎ