የእድሳት ፍርስራሽ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይደባለቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ቤቴን አሳድሼ ፍርስራሹን ወደ ቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ በወሰድሁበት ዕለት፣ የጡብ ስብርባሪ፣ የረጠበ ጂፕሰም (ጄሶ)፣ ቀለም የተረፈበት ባልዲና የወጥ ቤት ትራፊ በአንድ ገንዳ ሲገለበጡ አይቼ እጅግ አዝኛለሁ። ንጹሕ ጡብና ኮንክሪት ተፈጭቶ ለመንገድ መሠረት ይውላል፤ ጂፕሰም ግን ከሚበሰብስ ቆሻሻ ጋር አየር በሌለበት ሲቀበር ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሊያመነጭ ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ በአንዳንድ አሮጌ የጣሪያ ክዳን ውስጥ የሚገኘው አስቤስቶስ የተባለ ቃጫማ ማዕድን ነው፤ ሲሰበር የሚበነው ረቂቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል፤ በዚያ ዕለት ፍርስራሹን በባዶ እጁ ሲለይ ያየሁት ወጣት ሠራተኛ ግን አፍንጫውን የሸፈነው በስስ ጨርቅ ብቻ ነበር። ጣቢያዎች ለየዓይነቱ የተለየ ገንዳ እንዲያዘጋጁ፣ እኛም ከመጫናችን በፊት እንድንለይ፣ አስቤስቶስ የተጠረጠረበትንም ሳንሰብር ለባለሙያ እንድናሳውቅ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ