ሞተሩ አልሞተም፣ አባዬ

ለተከበሩት አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመዋል? የጉልበትዎ ነገርስ ተሻለዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ኮምቦልቻ ቀን ቀን ይሞቃል። እናንተ ጋ ግን ኅዳር ስለሆነ ውርጩ እንዳማረራችሁ አውቃለሁ።

በስልክ የምነግርዎት ግማሹ በኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ በወረቀት ጻፍኩት። ትንሿ ታንብብልዎት። ካነበበች በኋላ ምሰሶው ላይ ትስቀለው። እማ እሳት እንዳታያይዝበት አደራ።

ባለፈው ስለ ውሃ መሳቢያው «ሞተሩ ሞቷል፤ አንድ ደላላ በቁራጭ ብረት ዋጋ ሊወስደው ነው» ያሉኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ገመዱ ሲሳብ ይነሣል፣ ይጮኻል፣ ውሃ ግን አያመጣም ብለውኛል። የሚነሣ ሞተር እንዴት ሞተ ይባላል? ወንድሜ የላከልኝን ፎቶ አየሁት። ሞተሩ የተቀመጠው ድንቹ መደብ ዳር ነው፣ ወንዙ ደግሞ ታች ገደሉ ሥር። ችግሩ እዚያ ጋ ነው።

የውሃ ሞተር መግፋት ይችልበታል፣ መሳብ ግን ብዙም አይሆንለትም። ብርዝ በመቃ ሲጠጡ ያስቡት። ብርዙን የሚያወጣው የሳንባዎ ጉልበት ይመስላል፤ ግን አይደለም። መቃው ውስጥ ያለውን አየር ስበው ሲያወጡት፣ ውጪ የቀረው አየር ብርዙን ተጭኖ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሞተሩም እንደዚያው ነው። በባሕር ጠረፍ አየሩ ከባድ ስለሆነ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ መግፋት ይችላል። እኛ አገር ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ 10 የነበረው ወደ 7 ሜትር ተኩል ይወርዳል። እሱም በስሌት ነው። የቱቦው ርዝመትና መጋጠሚያው የሚበሉት ሲቀነስ፣ ከ5 ሜትር በላይ ስቦ ያመጣል ብለው አይመኑ። ሦስት ሰው አንዱ ባንዱ ራስ ላይ ቢቆም ማለት ነው። የእርስዎ ገደል ደግሞ ስድስት ሰው ይጨርሳል።

ሞተሩ ራሱም አየር ይተነፍሳል። በእኛ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ ይቀነሳል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቆላና ለባሕር ጠረፍ ነው። ይህን ጥፋት በራሴ ላይ ነው የማደርገው። ጋራዥ ውስጥ እየሠራሁ፣ ስገዛው ቁጥሩን አይቼ «ይበቃል» ብዬ ላክሁት። ቦታውን ሳልለካ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ሞተሩን ሁለት ልጆች ተሸክመው ወንዙ ዳር ያውርዱት፣ ከውሃው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ከወንዝ የሚስበው ቱቦ አጭር ይሁን፣ ወደ ድንቹ የሚገፋው ይርዘም። ወደ ላይ መግፋቱን አብሽሩ፣ እሱ ሥራው ነው። ማታ ማታ ግን ይመለስ፤ ላይ አገር ዝናብ ጥሎ ደራሽ ቢመጣ አይለምነንም።

ከመነሣቱ በፊት ሆዱ ውሃ ይሞላ። ባዶውን ከተነሣ ውስጥ ያለችው «ሲል» የምትባለው፣ ውሃ እንዳይወጣ የምትዘጋው ቀለበት ትቃጠላለች፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። የቱቦውን መጋጠሚያ ደግሞ በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጥብቅ አድርገው ይጠምጥሙት። በመርፌ ቀዳዳ የምትገባ አየር ብቻ እንኳ ውሃውን ታስቀረዋለች። መቃው ቀዳዳ ካለው ብርዝ ይመጣል እንዴ?

ዘይቱን በተመለከተ አሁን ልቆጣዎት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ሳያመሰኳ ያደረ በሬ ጠምደው አያውቁም። ጎረቤት እየሳቀብዎት እንኳ «ዛሬ አይወጣም» ብለው በረት ሲያስቀሩት በዓይኔ አይቻለሁ። ሞተሩን ግን ዘይቱን ሳያዩ ነው የሚያስነሡት። እሱም እኮ በሬ ነው። ጠዋት ለጥ ያለ ቦታ አስቀምጠው ክዳኑን ይክፈቱ፣ ዘይቱ አፉ ድረስ መድረስ አለበት። ሁሉንም ለመቀየር ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ዘይት ይበቃል። አዲስ ሞተር የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ከሠራ 100 ሰዓት በሦስት ወር ይሞላል። ግድግዳው ላይ በከሰል እየጫሩ ይቁጠሩ። የፍየሎቹን ቁጥር እንደሚጭሩት።

እዚያ ሰፈር አንዱ «ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ጨምርበት» ብሎዎታል አሉ። አይጨምሩ። ያ ለሞተር መጋዝ ነው። የእርስዎ ሞተር ዘይቱን ለብቻው፣ ቤንዚኑን ለብቻው ነው የሚፈልገው። ቤንዚኑም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚገዛ ስለሆነ በነጠላ ጨርቅ ይጠለል። ከታች ውሃ ተኝቶ ካዩ ያንን አይጨምሩት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰልባቲዮው ውስጥ ቤንዚን አይደር። ያለውን ቀድተው ያውጡ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው እስኪጠፋ ይተዉት። ቤንዚን ሦስትና አራት ወር ከቆመ እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል። በኅዳር «ሞተር አልነሣም አለ» እያሉ ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። የአየር ፊልትሮው ስፖንጅም በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ይመለስ። ያን ያህል ነው።

አሁን ወደ ማገዶው ልምጣ። እማ በጭሱ ዓይኗ እንደሚያለቅስና እንደምታስላት ሰምቻለሁ። ባሕር ዛፉን በክረምት ቆርጣችሁ ወዲያው ነው የምታነዱት። የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ሲያፈላ ይደክማል፣ ትርፉ ጭስ ነው። ዛፉ በጥቅምት ይቆረጥ፣ በእርጥቡ ይፈለጥ። ባሕር ዛፍ ከደረቀ መጥረቢያ ይመልሳል፣ ይህን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። ፍልጡ ድንጋይ ላይ ይደርደር እንጂ መሬት አይንካ። ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ ይልበስ፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። ወንድሜ ዙሪያውን በሸራ ጠቅልሎታል አሉ። ያ እንጨቱን ያሻግተዋል እንጂ አያደርቀውም፤ ነፋስ ይግባበት። ጫፉ ሲሰነጠቅና ሁለቱን ሲያጋጩት እንደ ድስት ሲጮኽ ያን ጊዜ ደርሷል።

እማ የምትጋግርበትን ሦስት ጉልቻ እተካላታለሁ። ከሲሚንቶና አሸዋ የሚሠራው፣ ምርጥ የሚሉት የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ደሴ ሄጄ አስጭነዋለሁ። ኩበቱም ያን ጊዜ ወደ ገብሱ ማሳ ይመለሳል።

አባዬ፣ ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን አንድ ነገር ነው። ማታ ማታ ከሰሉን ከነፍሙ ወደ መኝታ ቤት ታስገባላችሁ። በስልክ ስነግርዎት «በፍም ዳር ነው ያደግነው፣ ማን ሞተ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነት ነው፣ እርስዎ በፍም ዳር ነው ያደጉት። ግን ቤቱ የሣር ክዳን ነበር። በሣሩም በግድግዳውም አየር ይገባ ነበር። አሁን የሚተኙበት ቤት ቆርቆሮ ነው፤ በጭቃ ተመርጓል፣ ኮርኒስ አለው፣ የበሩን ሥር ደግሞ በጨርቅ ይደፍኑታል። ኮርኒሱን የላክሁት እኔ ነኝ። ብርድ እንዳያገኛችሁ ብዬ።

ይህን ነግሬዎት አላውቅም። ደሴ ሙያ ስማር በተከራየሁት ቤት ከሰል መታኝ። የክረምት ሌሊት ነበር፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ቡና አፍልቼ ስጨርስ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጭስ የለውም፣ ፍሙ ቀይ ነው፣ ደስ ይላል። ሌሊት ራሴ ሊፈነዳ ሲል ነቃሁ። ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። በደረቴ እየተሳብሁ በሩን ከፈትሁት፣ አከራዬ ደፉ ላይ አገኘችኝ። ሎሚ አሸተተችኝ፣ እግዜር ይስጣት፤ ያዳነኝ ግን የተከፈተው በር ነው። ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ አየር ሽታም ቀለምም የለውም። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ራሱን ሳያመው ሊያልፍ ይችላል። ራስ ከከበደ፣ ካቅለሸለሸ፣ እግር ከተብረከረከ መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

ሞተሩንም «ሌባ እንዳያየው» ብለው ዕቃ ቤት ዘግተው አስነሥተው ሞክረውታል አሉ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ይኸው መርዝ ነው፣ ከፍሙም ይብሳል። ደጅ ብቻ ይነሣ።

ለብርዱ እንዲህ ያድርጉ። ደረቅ የተራራ ድንጋይ እሳት ዳር ይሙቅ፣ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ እግርጌ ይግባ። የወንዝ ድንጋይ ግን እንዳይሆን፤ ውስጡ ውሃ ስላለ እሳት ላይ ይፈነዳል። ፍሙ በጊዜ ይውጣ፣ ደጅ ይደር። ባና በሁለት ልኬያለሁ፣ ከሾፌሩ ይቀበሉ።

ቅዳሜ ሌሊት ተነሥቼ ወደ ኩታበር በሚሄደው የመጀመሪያ መኪና እመጣለሁ። አዲስ ካንዴላና ሲል ይዤያለሁ፤ ወንዙ ድረስ ከልጆቹ ጋር እኔው እሸከመዋለሁ። ሴት ልጅ ቁልፍ ይዛ ሲያዩ የሚስቁ ካሉ ይሳቁ። እስከዚያ ድረስ ደላላው ቢመጣ «ልጄ ትመጣለች» ይበሉት።

ዱዓዎ አይለየኝ። እማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ፣ ከኮምቦልቻ