የኪነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከፔዳ ግቢ እስከ ደንገሉ ዳር

የትምህርት ቤታችን ክበብ ባለፉት ዓመታት ይሠራ የነበረው በአብዛኛው ለሰንደቅ ዓላማ ቀንና ለወላጆች በዓል ግጥምና ጭውውት ማዘጋጀት ነበር። በዓሉ ሲያልፍ አባላቱም ይበተናሉ። ዘንድሮ ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሳንቋረጥ ሠርተናል። ለዚህ ያበቃን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመርነው ግንኙነት ስለሆነ፣ የዘገባዬን ሰፊ ክፍል የምሰጠው ለእርሱ ነው።

በአገራችን ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው። ይህ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የጤና ምርመራ፣ ነጻ የሕግ ምክር ወይም የተሻሻለ ዘር ነው። ግጥምና ሥዕልም በዚያው መዝገብ ውስጥ ቦታ አላቸው ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ግን ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ፖሊ ቴክኒኩ ከ1955 ዓ.ም.፣ የመምህራን አካዳሚው ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አሉ፤ በ1992 ዓ.ም. አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ተማሪዎቻችን ፔዳ የሚባለውን የዩኒቨርሲቲውን ግቢ በር በየቀኑ በባጃጅ ያልፉታል፤ ከክበባችን አባላት አብዛኞቹ ግን ዘንድሮ እስክንወስዳቸው ድረስ ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም ነበር።

በመስከረም የጻፍነው ደብዳቤ «ባለሙያ ይመደብልን» የሚል አልነበረም። የተማሪዎቻችንን ግጥሞች አያይዘን «እነዚህን አንብባችሁ ጉድለታቸውን ንገሩን» አልን። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ለማግኘት እንደሚቀለው አምናለሁ፤ ተቀባዩ ምን እንደሚጠበቅበት ወዲያው ያውቃልና። የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እየተፈራረቁ ይመጡልን ጀመር። ከዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አልተቀበልንም፤ የተሰጠን የሰው ጊዜ ነው፤ ለክበባችን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ነበር ብዬ አላስብም።

አንዱን ሐሙስ ልግለጽ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ጣና የጻፈችውን አነበበች። ሐይቁ «ሰማያዊ»፣ «ውብ»፣ «የተረጋጋ» ነበር። እንግዳችን ግጥሙን አላሞገሰውም፣ አላጣጣለውምም። «በነሐሴ ጣና ምን ይመስላል?» ብሎ ብቻ ጠየቃት። ልጅቷ አሰብ አድርጋ «ድፍርስ ነው» አለች። ለምን ሲላት ሌሎቹም ተረባረቡ፤ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት አፈር ነው አሉ። አያቶቿ ጉማራ በሚነሣበት ተራራ ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች መሆናቸው የታወቀውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በእጃችን እያጨበጨብን ወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምት ቆጠርን፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት ቀለም። በሳምንቱ እንዲህ የሚል ስንኝ ይዛ መጣች፦

ጣና ደፈረሰ የሰው ማሳ ይዞ፤
የአያቴም እርሻ ደረሰ ተጉዞ።

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወንዶቹ ልጆች ራሳቸው ድገሚው አሏት። በማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ደስታ የሚገጥመኝ ከስንት አንዴ ነው። ሰማያዊውን ጣና ከመጽሐፍም ከፖስት ካርድም ሊገለብጡት ይችላሉ፤ የአያትን እርሻ ተሸክሞ የሚመጣውን ግን ከዚህች ልጅ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም።

የሥዕል ምድቡ በጥር ወደ ዘጌ ተጓዘ። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን የመረጥነው በምክንያት ነው፤ ከደሴት ገዳማቱ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴቶችን ስለማያስገቡ፣ ግማሹን ክበብ ጀልባ ላይ ትቶ የሚሄድ ጉዞ አልፈለግንም። ከእኛ ጋር የተጓዙት የዩኒቨርሲቲው የፎክሎር ተማሪዎች ለልጆቹ የነገሯቸው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው፣ መቅደሱን የከበቡት ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ መሆኑ፤ ሁለተኛው፣ ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ አድርገው በሁለት ዓይን ሲያዩን ክፉዎቹ ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ እንደሚታያቸው። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ልጆቹ ግድግዳውን እየዞሩ ባለ አንድ ዓይኖቹን ፍለጋ ያዙ፤ ከሰይጣናቱና ከአሳዳጆቹ አልፈው ከፈረስ ላይ እስከ ወደቀ ወታደር ድረስ ለዩ። ለቅዱስ ቦታው ያሳዩትን ጥንቃቄም ሳላመሰግን አላልፍም። ከጉዞው በኋላ የሠሩት ሥዕል የገበያ ቀን ነው፤ በሚዛን የሚያጭበረብረው ነጋዴ በጎን ተሥሏል።

ሦስተኛው ሥራችን ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ የደንገል ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ታንኳ መሥራትን የሚያውቁ በጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አንድ አዛውንት መጥተው አስተምረውናል። ልጆቹ አባባ ይሏቸዋል። ከኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጣች ወጣት መምህርት ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ ትማርና ታስተምር ነበር። አባባ ደንገሉን እንዴት በልኩ አድርቀው፣ ነዶውን ጠፍረው፣ ጫፉን ወደ ላይ እንደሚቀለብሱት ሲያሳዩ፣ እርሷ ያንኑ እጅ እየተከተለች ድርና ማግ በሽመና ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ታስረዳለች። ሁለቱ መምህራን አንዳቸው ለሌላው ያሳዩት አክብሮት ለተማሪዎቻችን ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር።

ደንገሉን ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ዳርቻው ለእርሻና ለግንባታ እየተመነጠረ፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭም በሰሜንና በምሥራቅ በኩል እየተስፋፋ ደንገሉ ተመናምኗል። አባባ በልጅነታቸው ከደጃቸው ያጭዱት የነበረውን ዛሬ ርቀው ሄደው ይፈልጉታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለት ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት በሚጠበቅ ሥፍራነት፣ ተመዝግቧል፤ ልጆቹ ይህን በጂኦግራፊ ክፍል ተምረውታል። ነገር ግን ደንገል ሲጠፋ ታንኳም፣ ታንኳ የሚሠራው እጅም አብረው እንደሚሄዱ የገባቸው ነዶ ጎድሎባቸው ሥራ ሲቆም ነው።

አንድ ያሳዘነኝን ነገር መናገር አለብኝ። ለአሠልጣኞች የሚከፈለውን አበል የሚወስን አንድ ቢሮ፣ ዲግሪ ለሌለው ሰው መደብ የለንም ሲል መለሰልን። ስድሳ ዓመት የሠሩበት ሙያ በወረቀት ስላልተጻፈ አንድ አዛውንት የትራንስፖርት ገንዘብ እንኳ አይገባቸውም ማለት ለእኔ ልክ አይደለም። የወላጅ መምህር ኅብረቱ አዋጥቶ ሸፈነልን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዩኒቨርሲቲው በከተማችን የሚያካሂደው የኪነ ጥበብ ድጋፍ ወደፊት እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን በአሠልጣኝነት መዝግቦ ቢይዝ፣ የሚጠቀሙት የእኛ ልጆች ብቻ አይሆኑም፤ የራሱ ተማሪዎችም ያተርፉበታል።

የቴአትር ምድቡ በዚህ ዓመት ደካማ ነበር። የፈረቃ ለውጡ ልምምዱን በተነው፤ አንድ አጭር ጭውውት ብቻ ለመድረክ በቅቷል።

በግንቦት ያዘጋጀነውን ዐውደ ርእይ ብዙ ወላጆች ጎብኝተውታል። አንድ አባት «መምህር፣ ልጄ ጎበዝ ናት፤ ግን ይህ እንጀራ ይሆናታል?» ብለው ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም የፋሽን ዲዛይን በዲግሪ የሚሰጥበት ተቋም በባጃጅ መንገድ ርቀት ላይ እንዳለ፣ ይህች ከተማም ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ብዙ ቤተሰብ እንዳስተዳደረች ነገርኋቸው። ሥራ ታገኛለች ብዬ ቃል አልገባሁላቸውም፤ ከመምህርቷ ጋር ግን አገናኘኋቸው፣ ቆመውም ብዙ አወሩ። ልጃቸው በክረምት ወደ ኢንስቲትዩቱ ወርክሾፕ እየሄደች እንድትመለከት ተፈቅዶላታል።

ለመጪው ዓመት የሐሙሱ የግጥም ሰዓት ይቀጥላል። የመሥሪያ ቦታው ስለሚጠብ የደንገልና የሽመና ምድቡ በመስከረም የሚቀበለው አዲስ አባል ጥቂት ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ዘንድሮ ተመዝግበው ቦታ ላጡት ነው። የሥዕል ምድቡ እንደ ቀደምቶቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ መሥራት ስለሚፈልግ፣ ያረጀ ጋቢ ወይም ነጠላ ያላችሁ ወላጆች አጥባችሁ በልጆቻችሁ እጅ ብትልኩልን በቤተ መጻሕፍቱ በኩል እንረከባለን።