የጨዉ ውሃ ቁጥርም ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ኬሚካል መዝኜ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ የሚሸጥልን ኬሚካል ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ በጣም ያሳስበኛል። «ኮፐር ሰልፌት» ይልና ያበቃል። ውሃ ያዘለው ነው ወይስ የደረቀው? አይናገርም።

ብዙ ሰው ውሃ ያዘለ ጨው (በኬሚስትሪ እንደ ኮፐር ሰልፌት ያለውም ጨው ይባላል) ሲባል እርጥበት የገባበት ይመስለዋል። አይደለም። ሲነኩት ደረቅ ነው። ውሃው ክሪስታሉ ውስጥ በልክ የተቀመጠ ነው። ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌት ብንወስድ ከክብደቱ 36 በመቶው ውሃ ነው። በቴስት ቲዩብ ቀስ እያላችሁ ስታሞቁት ሰማያዊው ከታች ጀምሮ ይገረጣል። ቀዝቃዛው የቲዩቡ አፍ ላይ የውሃ ጠብታ ይይዛል። በመጨረሻ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ቲዩቡ እጅ ላይ ሞቅ ይላል፣ ሰማያዊውም ይመለሳል። ሁሌም ባየው አልጠግበውም።

ጀሶም ከዚሁ ወገን ነው። ጂፕሰም የሚባለው ማዕድን 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሞቅ ከያዘው ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቃል። ዱቄቱ እንደገና ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይይዘውና ይጠነክራል። የተሰበረ እጅ ላይ ጀሶ ሲታሰር የሚሞቀው ለዚህ ነው። የጂፕሰም ግድግዳም ቃጠሎ ሲነሳ እሳቱን ያዘገያል፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ሙቀቱ እዚያ ላይ ይባክናል።

ኮፐር ሰልፌትስ ቢያንስ ቀለሙ ያጋልጠዋል። የሚያስቸግሩት ነጮቹ ናቸው። የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ባለ 10 ውሃው (በቀመሩ ለአንድ ሶዲየም ካርቦኔት 10 የውሃ ሞለኪውል የያዘው) ሶዲየም ካርቦኔት፣ 63 በመቶው ውሃ ነው። በእሱ ምትክ የደረቀውን በዚያው ግራም ከመዘናችሁ የሚገባው ሶዳ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ተማሪው ሠርቶ ሠርቶ ውጤቱ አልገጥም ሲለው የሚጠራጠረው ራሱን ነው። ይሄ ያናድደኛል።

አከፋፋዮች ከስሙ ቀጥሎ የውሃውን ቁጥር ይጻፉልን። አንድ ቃል ነው፤ «ባለ 5 ውሃ»፣ «ባለ 7 ውሃ»፣ «ደረቅ»። ክዳኑም ይጥበቅ፤ ሶዳው ክፍት ከተተወ ውሃው በራሱ ጊዜ እየወጣ ይሄዳል።

ጽሑፍ የሌለው ሶዳ እጃችሁ ላይ ያለ መምህራን 10 ግራም መዝናችሁ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አሙቁት። 3.7 ግራም ገደማ ከቀረ ባለ 10 ውሃው ነበር። ምንም ካልቀነሰ ደረቁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪ ሠራተኛ